የሰውነት ገጽ ስፋትን ለሕክምና ማስላት፦ ከሚዛኑ እስከ መድኃኒቱ መጠን

አንድ የካንሰር መድኃኒት «60 ሚሊግራም በካሬ ሜትር» ተብሎ ሲታዘዝ ለታካሚው የሚሰጠው መጠን ገና አልታወቀም። የሚታወቀው የታካሚው የሰውነት ገጽ ስፋት፣ ማለትም መላው ቆዳው ጠፍጣፋ ሆኖ ቢዘረጋ የሚሸፍነው ቦታ፣ በካሬ ሜትር ከተሰላ በኋላ ነው። ቆዳን በቀጥታ መለካት ስለማይቻል ስፋቱ ከቁመትና ከክብደት በቀመር ይገመታል። ቀመሩ አንድ ማባዛት፣ አንድ ማካፈልና አንድ ስኩዌር ሩት ብቻ ስለሆነ የስምንተኛ ክፍል ተማሪም ይሠራዋል። ስህተት የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከቀመሩ ሳይሆን ከሚዛኑ፣ ከመለኪያ አሃዱ፣ ውጤቱን መልሶ ካለማየትና ቁጥሩ ለምን እንደተፈለገ ካለመጠየቅ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ በቀመሩ ላይ ጥቂት፣ በቀሩት ላይ ግን ሰፋ አድርጎ ይቆያል። የተጻፈው በዋናነት ለነርሶች፣ ለፋርማሲስቶች፣ ለጤና መኮንኖችና ለሕክምና ተማሪዎች ቢሆንም ሕመምተኛ የሚያስታምም ሰውም ካርዱ ላይ ያለው ቁጥር ከየት እንደመጣ ሊረዳበት ይችላል። የሚጠቀሱት የመድኃኒት መጠኖች ስሌቱን ለማሳየት ብቻ የቀረቡ ናቸው፤ ትእዛዝ የሚሰጠው የሚያክመው ሐኪም ብቻ ነው።

ክብደት ብቻ ለምን አይበቃም?

ጀርመናዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ማክስ ሩብነር በ1883 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ) ልዩ ልዩ ክብደት ያላቸው ውሾች በዕረፍት ላይ ሳሉ የሚያወጡትን ሙቀት ለክቶ፣ ሙቀቱ ከክብደታቸው ይልቅ ከሰውነታቸው ገጽ ስፋት ጋር እንደሚመጣጠን አሳየ። ትንሽ አካል ከክብደቱ አንጻር ሰፊ ቆዳ አለው። 3.2 ኪሎግራም የሚመዝን አራስ ልጅ በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ያለው የቆዳ ስፋት 52 ኪሎግራም የምትመዝን ሴት ካላት ከእጥፍ በላይ ነው። የካንሰር ሕክምና ይህንን ሐሳብ የወሰደው ዘግይቶ ነው። ዶናልድ ፒንከል በ1958 የሕፃናትንና የአዋቂዎችን የኬሞቴራፒ መጠን፣ ለሙከራ እንስሳት ከሚሰጠው ጋር ጭምር፣ በካሬ ሜትር ሲያነጻጽር ልዩነቱ እንደሚጠብ አመለከተ፤ በ1966 ፍራይራይክና ባልደረቦቹ በእንስሳትና በሰው ላይ የታየውን መርዛማነት በዚሁ መንገድ አነጻጸሩ። ከዚያ ወዲህ ልማዱ ጸና።

ልማዱ ፍጹም አይደለም። ብዙ መድኃኒቶች ከሰውነት የሚወገዱበት ፍጥነት ከቆዳ ስፋት ጋር ያለው ዝምድና ደካማ ነው፤ ጉበት፣ ኩላሊትና የዘር ውርስ የበለጠ ይወስናሉ። ቢሆንም የኬሞቴራፒ መመሪያዎች፣ የአንዳንድ ስቴሮይዶች አወሳሰድ፣ የኩላሊትና የልብ ምርመራ ውጤቶች ሁሉ በካሬ ሜትር ስለሚጻፉ ስሌቱን በትክክል ከመሥራት ሌላ አማራጭ የለም።

በመጀመሪያ በትክክል ይለኩ

ሚዛኑን ደረቅና ጠንካራ ወለል ላይ ያስቀምጡ፤ ማንም ሳይቆምበት ዜሮ ማንበቡን ይመልከቱ። ታካሚው ጫማውን፣ ካፖርቱን ወይም ጋቢውን፣ ኪሱ ውስጥ ያለውንም ስልክና ቁልፍ ያስቀምጥ። ክብደቱን እስከ 0.1 ኪሎግራም ይመዝግቡ። ሁለት ኪሎ የሚሆን ልብስና ጫማ በ158 ሴንቲሜትር ቁመትና በ52 ኪሎግራም ላይ ቢጨመር ስፋቱን ከ1.51 ወደ 1.54 ካሬ ሜትር ያደርሰዋል። ይህ ብቻውን ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ከሌላ ስህተት ጋር ሲደመር፣ በየዙሩም ሲደጋገም ትንሽ ሆኖ አይቀርም።

ቁመት ሲለካ ታካሚው ተረከዙን፣ መቀመጫውንና ትከሻውን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ፣ ዓይኑን ወደ ፊት አቅንቶ ይቆማል። መለኪያው የሚያርፈው ራስ ቅል ላይ እንጂ ፀጉር ላይ ስላልሆነ ሻሽ ይፈታል፣ ወፍራም ሹሩባም ቢቻል ወደ ጎን ይደረጋል፤ ካልተቻለ መለኪያው በደንብ ተጫኖ ይነበባል። ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በጀርባቸው ተኝተው በርዝመት መለኪያ ሰሌዳ ላይ ይለካሉ። ለዚህም ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ የልጁን ራስ ይይዛል፣ ሌላው የልጁን ጉልበት አቅንቶ እግሩን ከሰሌዳው ጋር ያገናኛል።

መቆም የማይችል ታካሚ ሲሆን ከደረት አጥንቱ መካከል እስከ መካከለኛው ጣት ጫፍ ያለውን ርዝመት ለክቶ በሁለት ማባዛት የተለመደ ዘዴ ነው። ሆኖም በብዙ ሰዎች ላይ የተዘረጉ ክንዶች ርዝመት ከቁመት ጥቂት ስለሚበልጥ ካርዱ ላይ «በክንድ የተገመተ» ብሎ መጻፍ ተገቢ ነው። ታካሚውን «ቁመትህ ስንት ነው?» ብሎ ጠይቆ የሰጠውን መልስ መጻፍ ግን መለካት አይደለም።

በሪፈር ወረቀት ላይ የተጻፈ ክብደትም እንዲሁ አይበቃም። ከክፍለ ሀገር ወደ አዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለካንሰር ሕክምና የተላከ ሰው ተራው እስኪደርስ ክብደቱ ሊቀንስ ይችላል፤ የሚያገለግለው መድኃኒቱ በሚዘጋጅበት ጊዜ የተለካው ነው። አሜሪካ የሚኖር አንባቢ ደግሞ ካርዱ ላይ የሚያገኘው ፓውንድና ኢንች ነው። አንድ ፓውንድ 0.4536 ኪሎግራም፣ አንድ ኢንች 2.54 ሴንቲሜትር፣ አንድ ጫማ (ፊት) 12 ኢንች ነው። ካርዱ ላይ ከቁጥሩ ጎን አሃዱ ካልተጻፈ ይጠይቁ፤ ከመጠኑ ተነሥተው «ኪሎ ይሆናል» ብለው አይገምቱ።

ስሌቱ፦ የሞስቴለር ቀመር

በ1987 ሞስቴለር በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ባሳተመው አጭር ደብዳቤ ያቀረበው ቀመር ዛሬ በስፋት የሚሠራበት ነው፦

የገጽ ስፋት (በካሬ ሜትር) = √(ቁመት በሴንቲሜትር × ክብደት በኪሎግራም ÷ 3600)

158 ሴንቲሜትር ቁመትና 52 ኪሎግራም ክብደት ያላትን ሴት እንውሰድ። መጀመሪያ ቁመቱን በክብደቱ ያባዙ፦ 158 × 52 = 8216። ቀጥለው ለ3600 ያካፍሉ፦ 8216 ÷ 3600 = 2.282። በመጨረሻ የዚህን ስኩዌር ሩት ይውሰዱ፦ √2.282 = 1.5107። ውጤቱን በሁለት የአሥርዮሽ ቦታ ያጠጋጉት፤ 1.51 ካሬ ሜትር ይሆናል። ከዚያ በፊት መሃል ላይ ማጠጋጋት አያስፈልግም።

የካልኩሌተር አጠቃቀም ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። በተራው የስልክ ካልኩሌተር 158 × 52 ÷ 3600 ብለው የእኩል ምልክቱን ከተጫኑ በኋላ የስኩዌር ሩት ቁልፉን ይነካሉ። በሳይንሳዊ ካልኩሌተር ግን የ√ ምልክቱ ቀድሞ ስለሚገባ ሙሉውን ስሌት በቅንፍ ውስጥ ማስገባት ግዴታ ነው፤ ያለ ቅንፍ የሚሰላው የ158 ሩት ብቻ ይሆናል። ይህንን ለማስቀረት የሚረዳ አቋራጭ አለ። የ3600 ስኩዌር ሩት 60 ስለሆነ ብዜቱን ብቻ ሩት አድርገው ለ60 ቢያካፍሉም ያው ነው፦ √8216 = 90.64፣ 90.64 ÷ 60 = 1.51።

የስኩዌር ሩት ቁልፍ በሌለበት ሁኔታ በእጅ መሥራት ይቻላል። ለ2.282 ስኩዌር ሩት የሚቀርብ ግምት ይያዙ፣ ለምሳሌ 1.5። ቁጥሩን ለግምቱ ያካፍሉ፦ 2.282 ÷ 1.5 = 1.5213። የግምቱንና የውጤቱን አማካይ ይውሰዱ፦ (1.5 + 1.5213) ÷ 2 = 1.5107። በአንድ ዙር ብቻ ካልኩሌተሩ ከሰጠው ጋር ይገጥማል።

በፓውንድና በኢንች ለሚሠራ ሰው አካፋዩ 3600 ሳይሆን 3131 ነው። አምስት ጫማ ከአራት ኢንች (64 ኢንች) ቁመትና 140 ፓውንድ ክብደት ላለው ሰው 64 × 140 = 8960፣ ለ3131 ሲካፈል 2.862፣ ሩቱ 1.69 ካሬ ሜትር ይሆናል። ይኸው ሰው ወደ ሴንቲሜትርና ኪሎግራም ተለውጦ ቢሰላም 1.69 ነው። ሁለቱን አካፋዮች ከተሳሳተ አሃድ ጋር ማጣመር ግን በፍጹም አይገባም።

ውጤቱን መልሶ መፈተሽ

እዚህ ላይ ከስሌቱ የበለጠ ጊዜ መውሰድ ይገባል። ሦስት ዓይነት ስህተት ደጋግሞ ይታያል፤ ሦስቱም በአደጋ አይመጣጠኑም።

አንደኛው ቁመትን በሜትር ማስገባት ነው። ለዚያችው ሴት በ158 ፈንታ 1.58 ቢገባ ውጤቱ 0.15 ካሬ ሜትር ይሆናል። ይህ ከአራስ ልጅ ያነሰ ስለሆነ ማንም ያየዋል፤ ራሱን የሚያጋልጥ ስህተት ነው።

ሁለተኛው ፓውንድን እንደ ኪሎ መውሰድ ነው። 52 ኪሎግራም 114.6 ፓውንድ ነው፤ 114.6 እንደ ኪሎ ቢገባ ስፋቱ 2.24 ይሆናል። ከትክክለኛው በ48 በመቶ ይበልጣል፤ መድኃኒቱም በዚያው ልክ ይበልጣል። 2.24 ካሬ ሜትር ያለው ትልቅ ሰው በእውነት ስላለ ወረቀቱን ብቻ የሚያይ ሰው ላይጠረጥር ይችላል፤ ታካሚዋን የሚያይ ግን ወዲያውኑ ይጠረጥራል።

ሦስተኛው ስኩዌር ሩት መውሰድን መርሳት ነው፤ ከሁሉም የማይታየው ይህ ይመስለኛል። የሴትየዋ ስሌት በ2.28 ላይ ቢቆም፣ 2.28ም የሰው ስፋት ሊሆን የሚችል ቁጥር ነው። በሕፃናት ላይ ደግሞ ስህተቱ አቅጣጫውን ይለውጣል። 102 ሴንቲሜትርና 16 ኪሎግራም ላለው ልጅ ከሩቱ በፊት ያለው ቁጥር 0.45፣ ትክክለኛው ስፋት 0.67 ነው። ከአንድ በታች የሆነ ቁጥር ሩት ሲወሰድለት ስለሚጨምር፣ ሩቱ የተረሳለት ልጅ ከሚገባው ያነሰ መድኃኒት ይደርሰዋል፤ ያነሰ መጠን ደግሞ ወዲያው የሚታይ ጉዳት ስለማያመጣ ማንም ሳያስተውለው ሊቀጥል ይችላል።

መፈተሻው ቀላል ነው። ያገኙትን ስፋት በራሱ ያባዙ፣ ከዚያም በ3600 ያባዙ፤ መልሱ ከቁመትና ከክብደት ብዜት ጋር መቀራረብ አለበት። 1.51 × 1.51 × 3600 = 8208 ነው፤ ከ8216 ጋር ያለው ጥቂት ልዩነት ከማጠጋጋት የመጣ ነው። ከዚህም ሌላ የተለመዱትን መጠኖች በአእምሮ መያዝ ይረዳል፦ አራስ ልጅ ከ0.2 እስከ 0.25፣ የሁለት ዓመት ልጅ ግማሽ ካሬ ሜትር ገደማ፣ የአሥር ዓመት ልጅ ከአንድ ካሬ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ፣ አዋቂዎች ደግሞ በአብዛኛው ከ1.4 እስከ 2.2 ናቸው። ኬሞቴራፒ ሲሆን ሁለተኛ ሰው፣ የመጀመሪያውን ውጤት ሳያይ፣ ከሚዛኑ ንባብ ተነሥቶ ለብቻው ማስላት አለበት። የመጀመሪያውን ወረቀት አይቶ መፈረም ማረጋገጥ አይባልም።

ስለ ሌሎቹ ቀመሮች

ደላፊልድ ዱ ቦይስና ዩጂን ዱ ቦይስ በ1916 ያወጡት ቀመር ከሁሉም የታወቀው ነው፦

የገጽ ስፋት = 0.007184 × ክብደት^0.425 × ቁመት^0.725

ምልክቱ ^ ቀጥሎ ያለው ቁጥር አርቢ መሆኑን ያመለክታል። ተመራማሪዎቹ የሰዎችን አካል በወረቀት ሸፍነው፣ ወረቀቱን ቆርጠው ጠፍጣፋ በማድረግ ስፋቱን ለኩ፤ የለኳቸው ሰዎች ግን ዘጠኝ ብቻ ነበሩ። ከመቶ ዓመት በላይ ያገለገለ ቀመር በዘጠኝ ሰዎች ላይ መቆሙ ያስገርማል። የበለጠ የሚያስገርመው በአማካይ አካል ላይ ትክክለኛ ሆኖ መገኘቱ ነው። ሄይኮክና ባልደረቦቹ በ1978 ከአራስ እስከ አዋቂ 81 ሰዎችን ለክተው የራሳቸውን አወጡ፦

የገጽ ስፋት = 0.024265 × ክብደት^0.5378 × ቁመት^0.3964

ለ158 ሴንቲሜትርና 52 ኪሎግራም ሦስቱም ቀመሮች የሚሰጡት 1.51 ነው። ልዩነት የሚታየው በዳርና ዳር ነው። ለ3.2 ኪሎግራምና 50 ሴንቲሜትር አራስ ልጅ ዱ ቦይስ 0.20፣ ሞስቴለር 0.21፣ ሄይኮክ 0.21 ይሰጣሉ፤ የዱ ቦይስ ውጤት ሳይጠጋጋ ከሄይኮክ በስድስት በመቶ ያንሳል። ለ165 ሴንቲሜትርና 112 ኪሎግራም ሰው ደግሞ ዱ ቦይስ 2.16፣ ሞስቴለር 2.27፣ ሄይኮክ 2.32 ይሰጣሉ። ስለዚህ ለሕፃናት ሞስቴለር ወይም ሄይኮክ ይመረጣል፤ ለአዋቂ የትኛውም ይሠራል። ከምርጫው ይልቅ አስፈላጊው ነገር አንድ ክፍል አንድ ቀመር መርጦ በዚያው መጽናቱ ነው። ሐኪሙ በዱ ቦይስ፣ ፋርማሲስቱ በሞስቴለር ከሠሩ የሚመጣው ክርክር ስህተት ያለ ያስመስላል፤ እውነተኛውም ስህተት በዚያ ግርግር ውስጥ ሊደበቅ ይችላል። ስልክ ላይ የሚጫኑ ማስያዎች የትኛውን ቀመር እንደሚጠቀሙ ሳይታወቅ ሥራ ላይ መዋል የለባቸውም።

የልጁ ቁመት በምንም መንገድ ካልታወቀ በክብደት ብቻ የሚሠራ የኮስቴፍ ቀመር አለ፦ (4 × ክብደት + 7) ÷ (ክብደት + 90)። ለ16 ኪሎግራም ልጅ 71 ÷ 106 = 0.67 ይሆናል፤ በሞስቴለር ካገኘነው ጋር አንድ ነው። ለድንገተኛ ሁኔታ ጥሩ ነው፤ ቁመት ላለመለካት ግን ሰበብ ሊሆን አይገባም።

ስፋቱን ወደ መድኃኒት መጠን መለወጥ

ለጡት ካንሰር ከሚሰጡት የታወቁ ጥምረቶች አንዱ ዶክሶሩቢሲን 60 ሚሊግራም በካሬ ሜትርና ሳይክሎፎስፋማይድ 600 ሚሊግራም በካሬ ሜትር ነው። ለ1.51 ካሬ ሜትር፦ 60 × 1.51 = 90.6 ሚሊግራም፣ 600 × 1.51 = 906 ሚሊግራም። ብዙ ማዕከላት ከተሰላው እስከ 5 ወይም እስከ 10 በመቶ ድረስ ማጠጋጋትን ይፈቅዳሉ፤ እዚህ ላይ 90 እና 900 ቢደረግ ልዩነቱ ከአንድ በመቶ በታች ሆኖ የቫያል (የመድኃኒቱ ጠርሙስ) ብክነት ይቀንሳል። የሚጠጋጋው የመጨረሻው ሚሊግራም እንጂ የገጽ ስፋቱ አይደለም፤ 1.51ን «አንድ ተኩል» ብሎ መጀመር ተገቢ አይደለም።

ዶክሶሩቢሲን ልብን ስለሚጎዳ በሕይወት ዘመን የሚወሰደው ድምር ይቆጠራል፤ በተለምዶ የሚጠቀሰው ጣሪያ ከ450 እስከ 550 ሚሊግራም በካሬ ሜትር ነው። አራት ዙር የወሰደች ሴት 4 × 60 = 240 ሚሊግራም በካሬ ሜትር ላይ ደርሳለች። ይህ ድምር በካርዱ ላይ መጻፍ ያለበት በሚሊግራም ብቻ ሳይሆን በሚሊግራም በካሬ ሜትርም ነው፤ አለበለዚያ ክብደቷ የተለወጠ ታካሚን ታሪክ ከዓመታት በኋላ የሚያነብ ሐኪም ሒሳቡን መልሶ መሥራት አይችልም።

አንዳንድ መድኃኒቶች ስሌቱ ምንም ቢል የማይታለፍ ጣሪያ አላቸው። ቪንክሪስቲን በ1.4 ሚሊግራም በካሬ ሜትር ሲታዘዝ ለ1.51 የሚሰጠው ስሌት 2.11 ነው፤ በብዙ መመሪያዎች ግን ከ2 ሚሊግራም አይበልጥም። መመሪያው ጣሪያ እንዳለው ሳያዩ መጠን አይጻፍ።

ክብደት በሕክምናው መሃል ይለወጣል። ያቺው ሴት ከ52 ወደ 46 ኪሎግራም ብትወርድ ስፋቷ 1.42 ይሆናል፤ የዶክሶሩቢሲኑ መጠንም ከ90.6 ወደ 85.2 ሚሊግራም ይወርዳል። ክብደቱ የቀነሰው በ11.5 በመቶ ሲሆን ስፋቱ የቀነሰው በ6 በመቶ ብቻ መሆኑ ከስኩዌር ሩቱ የመጣ ነው። ስለዚህ በየዙሩ መመዘን፣ ለውጡም ክፍሉ ከወሰነው ገደብ (ብዙውን ጊዜ 5 ወይም 10 በመቶ) ሲያልፍ እንደገና ማስላት ያስፈልጋል። ቁመት በአዋቂ ላይ አንድ ጊዜ በጥንቃቄ ከተለካ ይበቃል፤ በሚያድግ ልጅ ላይ ግን በየጊዜው ይለካል።

እጅግ ወፍራም በሆነ ሰው ላይ ለረጅም ዘመን የነበረው ልማድ ስፋቱን በ2 ካሬ ሜትር ላይ መገደብ ወይም «ተስማሚ ክብደት» የተባለ ግምት መጠቀም ነበር። የአሜሪካ የክሊኒካል ኦንኮሎጂ ማኅበር በ2012 ባወጣው መመሪያ ግን፣ በተለይ ለመዳን በሚሰጥ ሕክምና፣ ትክክለኛው የሚዛን ክብደት ሙሉ በሙሉ እንዲሠራበት መከረ፤ ምክንያቱም በፍርሃት የተቀነሰ መጠን በሽታውን ሳይገታ ይቀራል።

ውኃ የያዘ ሰውነት ሌላ ነገር ነው። በኔፍሮቲክ ሲንድረም (ሰውነትን በሚያሳብጥ የኩላሊት በሽታ) ያበጠ ልጅ 19 ኪሎግራም ይመዝናል፣ እብጠቱ ሳይቆጠር ክብደቱ 16 ነው እንበል፤ ቁመቱ 102 ሴንቲሜትር ነው። ፕሬድኒሶሎን የተባለው ስቴሮይድ ለዚህ በሽታ በ60 ሚሊግራም በካሬ ሜትር በቀን፣ ከ60 ሚሊግራም ሳይበልጥ፣ ይጀመራል። በ16 ኪሎግራም ስፋቱ 0.67፣ መጠኑ 40 ሚሊግራም ይሆናል፤ ባለ 5 ሚሊግራም ክኒን ሲሆን ስምንት ክኒን ነው። በ19 ኪሎግራም ደግሞ ስፋቱ 0.73፣ መጠኑ 44 ሚሊግራም ነው። አንዳንድ መመሪያዎች የሚሰጡትን ሌላውን መጠን፣ 2 ሚሊግራም በኪሎግራም፣ ብንወስድ ቁጥሮቹ 32 እና 38 ይሆናሉ። በካሬ ሜትር የሚሰላው መጠን በእብጠት ምክንያት በ9 በመቶ ገደማ ሲዛባ በኪሎ የሚሰላው በ19 በመቶ ይዛባል። በሁለቱም መንገድ የሚሻለው እብጠት የሌለበትን ክብደት መጠቀም ነው፤ ልጁ ከመታመሙ በፊት የተመዘነበት ካርድ ካለ እጅግ ይጠቅማል።

ለጨቅላ ሕፃናት የካሬ ሜትር ስሌት የሚቆምበት ቦታ

ገና አንድ ዓመት ባልሞላቸው ወይም ከ10 ኪሎግራም በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ በካሬ ሜትር ማስላት መጠኑን ያለ ልክ ያበዛዋል፤ ቆዳቸው ከክብደታቸው አንጻር ሰፊ ሲሆን ጉበታቸውና ኩላሊታቸው ግን ገና አልበሰሉም። በዚህ ምክንያት የብዙ ኬሞቴራፒዎች መጠን በካሬ ሜትር የተጻፈው ለ30 ተካፍሎ በኪሎግራም ይሰጣል። ቪንክሪስቲን 1.5 ሚሊግራም በካሬ ሜትር ለ30 ሲካፈል 0.05 ሚሊግራም በኪሎግራም ይሆናል። ለ7 ኪሎግራምና 66 ሴንቲሜትር ሕፃን በካሬ ሜትር ቢሰላ 0.36 × 1.5 = 0.54 ሚሊግራም፣ በኪሎ ሲሰላ 0.35 ሚሊግራም ነው። ነርቭን በሚጎዳ መድኃኒት ላይ ይህን ያህል ልዩነት ቀላል አይደለም።

የኩላሊት ውጤት ላይ ያለው 1.73

ላቦራቶሪ የኩላሊትን የማጣራት አቅም ሲጽፍ «በ1.73 ካሬ ሜትር» የሚል ይጨምራል። ቁጥሩ የመጣው በ1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የ25 ዓመት ወጣቶች አማካይ ስፋት ተደርጎ ከተወሰደው ነው። የኩላሊትን ጤንነት ለማወቅ ይህ አጻጻፍ ትክክል ነው፤ በማጣራት አቅሙ ላይ ተመሥርቶ መድኃኒት ሲታዘዝ ግን የታካሚው እውነተኛ አቅም ያስፈልጋል። የሀገራችን ብዙ ታካሚዎች ስፋት ከ1.73 ስለሚያንስ ጉዳዩ ለእኛ የቁጥር ጨዋታ አይደለም። መለወጫው ውጤቱን በታካሚው ስፋት አባዝቶ ለ1.73 ማካፈል ነው። ለምሳሌ 90 ሚሊሊትር በደቂቃ በ1.73 የተባለላት ባለ 1.51 ሴት እውነተኛ አቅሟ 90 × 1.51 ÷ 1.73 = 78.6 ሚሊሊትር በደቂቃ ነው።

ካርቦፕላቲን የተባለው የካንሰር መድኃኒት በካሬ ሜትር አይሰላም፤ የካልቨርት ቀመር፣ ማለትም የታለመው የተጋላጭነት መጠን (ሰውነት ለመድኃኒቱ እንዲጋለጥ የተፈለገበት ልክ) × (የማጣራት አቅም + 25)፣ ይሠራበታል። ዒላማው 5 ሲሆን ያልተለወጠውን 90 የተጠቀመ ሰው 575 ሚሊግራም፣ የተለወጠውን 78.6 የተጠቀመ ደግሞ 518 ሚሊግራም ያገኛል። የሃምሳ ሰባት ሚሊግራም ብልጫ ወደ ታካሚዋ የሚገባው ማንም የስሌት ስህተት ሳይሠራ፣ የላቦራቶሪውን ወረቀት ግርጌ ባለማንበብ ብቻ ነው። የኩላሊትን የማጣራት አቅም በሚገምተው በኮክሮፍት–ጎልት ቀመር የተሰላ ውጤት ግን ከመጀመሪያውም በ1.73 ስላልተመዘነ እንደገና አይለወጥም።

ልብ፣ ከዚያም ቃጠሎ

ልብ በደቂቃ የሚረጨው ደም ለገጽ ስፋት ሲካፈል የልብ ኢንዴክስ ይባላል፤ ጤናማው በግምት ከ2.5 እስከ 4 ሊትር በደቂቃ በካሬ ሜትር ነው። 4.2 ሊትር የሚረጭ ልብ ለ1.51 ካሬ ሜትር ሰውነት 2.78 በመሆኑ በቂ ነው፤ ለ2.27 ካሬ ሜትር ሰውነት ግን 1.85 ብቻ ሆኖ ድካሙን ያሳያል።

በቃጠሎ ሕክምና ስለ ሰውነት ገጽ ሲነገር ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንዳይምታቱ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የተቃጠለው ክፍል የሚነገረው በመቶኛ ነው፤ የታካሚው መዳፍ ከነጣቶቹ አንድ በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ለአዋቂዎች የዘጠኝ ሕግ የሚባለው አንድ ክንድን 9፣ አንድ እግርን 18 በመቶ ይቆጥራል። ካሬ ሜትሩ የሚገባው የሕፃናት ፈሳሽ በጋልቨስተን ቀመር ሲሰላ ነው፦ ለተቃጠለው ስፋት 5000 ሚሊሊትር በካሬ ሜትር፣ ለጠቅላላው ስፋት ደግሞ 2000 ሚሊሊትር በካሬ ሜትር። 0.67 ካሬ ሜትር ያለው ልጅ 20 በመቶ ቢቃጠል የተቃጠለው 0.134 ካሬ ሜትር ነው፤ 5000 × 0.134 = 670፣ 2000 × 0.67 = 1340፣ ድምሩ 2010 ሚሊሊትር በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ይሆናል። ግማሹ በመጀመሪያዎቹ ስምንት ሰዓታት ይሰጣል፤ ሰዓቱም የሚቆጠረው ልጁ ሆስፒታል ከደረሰበት ሳይሆን ከተቃጠለበት ጊዜ ጀምሮ ነው። በመንገድ ሦስት ሰዓት ያለፈበት ልጅ የመጀመሪያዎቹ 1005 ሚሊሊትር በቀሩት አምስት ሰዓታት ውስጥ፣ በሰዓት 201 ሚሊሊትር ገደማ፣ እንዲደርሱት ይታቀዳል፤ ከዚያ በኋላ ፍጥነቱ የሚስተካከለው በሽንቱ መጠን ነው።